ምዕራፍ 7፦ ኪቦርዱን ያላወቀው ማን ነው?

«ኪቦርዱ አልሠራ አለ» ሲባል ፍርዱ ፈጥኖ የሚወርደው በኪቦርዱ ላይ ነው። ይነቀልና አዲስ ይገዛል። አዲሱም ዝም ሲል «እንግዲያው ዊንዶውሱ ነው» ይባልና ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፤ የዓመት ሒሳብ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የቤተሰብ ፎቶ አብሮ ይጠረጋል። በአሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ግን ጥፋቱ ከሁለቱም ዘንድ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዲት የደከመች ባትሪ፣ ባዮስ ውስጥ የተዘጋች አንዲት መስመር ወይም አንዲት የጎበጠች የሶኬት እግር ሆና ትገኛለች። እነዚህን ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ኪቦርድና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚተዋወቁ ማወቅ ይበቃል።

ትውውቁ አንድ ጊዜ ተደርጎ አያልቅም። ኪቦርዱ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ደርሶት፣ ራሱን ፈትሾ ይነሣል። ቀጥሎ ባዮስ ያውቀዋል፤ ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ሥራውን ይረከባል፤ ሲረከብም ባዮስ ያወቀውን አምኖ አይቀጥልም፣ በራሱ ድራይቨር ኪቦርዱን እንደ አዲስ ፈልጎ ያገኘዋል። ትውውቁ ከሦስቱ በየትኛውም ላይ ቢቋረጥ ለተጠቃሚው የሚታየው ያው ነው፦ ቁልፍ ይነካል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው። ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ያለበት ኪቦርዱ እስከ የት ድረስ እንደሠራ ነው።

መብራቶቹ የሚነግሩን

ኮምፒውተሩን አጥፍተው መልሰው ሲያበሩ ስክሪኑን ትተው የኪቦርዱን ቀኝ ጥግ ይመልከቱ። ነም ሎክ፣ ካፕስ ሎክና ስክሮል ሎክ የሚባሉት ሦስት መብራቶች አንድ ላይ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። በዚያች ቅጽበት ኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ራሷን ትፈትሻለች፤ ፈተናውን ካለፈች ደኅና መሆኗን የሚገልጽ አንድ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ትልካለች። ሁሉም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ብልጭታው ከታየ ኤሌክትሪክ ደርሷል፣ ቺፗም በሕይወት አለች። ካልታየ ነገሩ ያለው ገመዱ፣ ሶኬቱ ወይም ራሱ ኪቦርዱ ዘንድ ነው፤ ዊንዶውስ ገና ስላልተነሣ እሱን መውቀስ አይቻልም። አንዳንድ ርካሽና ገመድ አልባ ኪቦርዶች መብራት የላቸውም፤ ለፍተሻ ባለ መብራትና ባለ ገመድ መዋስ ይሻላል።

ከዚህ የሚበልጠው የካፕስ ሎክ ፍተሻ ነው። ካፕስ ሎክ ሲነካ መብራቱን የሚያበራው ኪቦርዱ ራሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው፦ ኪቦርዱ ቁልፉ መነካቱን ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ ሰምቶ መብራቱ እንዲበራ ትእዛዝ ይመልሳል። ያቺ ትንሽ መብራት የምትበራው መልእክት ሄዶ፣ መልስ ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ካፕስ ሎክን ደጋግመው ሲነኩ መብራቱ ቦግ እልም የሚል ከሆነ ገመዱ፣ ሶኬቱ፣ ማዘርቦርዱ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አድማጭ ፕሮግራምም ደኅና ናቸው። ባዮስ ላይ እያለ መልሶ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ከደነዘዘ፣ የተቋረጠው በርክክቡ ላይ ነው። መብራቱም አልመልስ ብሎ ማውሱም ከቆመ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ስታክ አድርጓል፤ ኪቦርዱ አይወቀስበትም። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ይህን ያህል የሚያሳይ ሌላ ፍተሻ አላውቅም፤ ለጀማሪ ባለሙያ መጀመሪያ የማስተምረውም እሱን ነው።

ኪቦርድ ፊደል እንደማይልክም እዚህ ላይ ማወቅ ይጠቅማል። የሚልከው ቁጥር ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ፒሲ በተጀመረው አሠራር፣ «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ ሲጫን ወደ ሲስተሙ የሚደርሰው 30 ነው፤ ጣት ሲነሣ 158 ይደርሳል። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ሶፍትዌሩ ነው፤ አንድም የግእዝ ፊደል ባልታተመበት ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የተነካው ሌላ፣ የሚወጣው ፊደል ሌላ ከሆነ ኪቦርዱ በሚገባ ታውቋል፤ የሚስተካከለው የቋንቋ ምርጫው ነው።

ክቡ ሶኬትና ጠፍጣፋው

የ1981ዱ ፒሲ ኪቦርድ የሚሰካው ባለ 5 እግር በሆነ ወፍራም ክብ ሶኬት ነበር። ንግግሩም ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ኪቦርዱ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ይሰማል። በ1984 የወጣው የአይቢኤም ኤቲ ንግግሩን የሁለት ወገን አደረገው፤ ኮምፒውተር የኪቦርድ መብራት ማዘዝ የጀመረው ያኔ ነው። ሶኬቱ ግን ስላልተለወጠ የቀድሞው ኪቦርድ አዲሱ ላይ ልክ ይገባና ዝም ይል ነበር። አንዳንድ አምራቾች ከኪቦርዱ ሆድ ሥር ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው የምታዞር ማብሪያ ያደረጉት ለዚህ ነው። በ1987 አይቢኤም ፒኤስ ቱ ከሚባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር ትንሹን ባለ 6 እግር ሶኬት አመጣ። ዛሬም በአሮጌ ዴስክቶፖች ጀርባ የምናየው እሱ ነው፤ ከስድስቱ እግሮች የሚሠሩት አራት ናቸው፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ መሬት ነው፣ አንዱ መልእክቱን ይወስዳል፣ አንዱ ጊዜውን ይቆጥራል።

ስለ ፒኤስ ቱ ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ኪቦርዱ የሚፈለገው ኮምፒውተሩ ሲበራ መሆኑ ነው። ሶኬቱ ሥራ ላይ እያለ ላልቶ ወጥቶ ተመልሶ ቢሰካ፣ እስኪጠፋና እስኪበራ ድረስ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። መንቀልና መሰካቱም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነው። ይህ ሶኬት እየበራ እንዲነቀልና እንዲሰካ ታስቦ አልተሠራም፤ በቀደሙት ማዘርቦርዶች ላይ ባለ 5 ቮልቱ መስመር ትንሽ ፊውዝ አለው፣ እሱ ከተቃጠለ የትኛውም የፒኤስ ቱ ኪቦርድ መብራት አያገኝም። «እየበራ ነቀል ሰካ አድርገው» የሚለው ምክር ለዩኤስቢ የሚሆን እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ሶኬቱን ሲነቅሉ እግሮቹን በብርሃን ይዩ። ቀጫጭን ናቸው፤ በጨለማ ከሣጥኑ ጀርባ በጉልበት ሲገፉ ይጎብጣሉ። የጎበጠችውን እግር፣ ቀለሙ የወጣለት የእስክሪብቶ ቀጭን ጫፍ ውስጥ አስገብቶ በቀስታ ማቃናት ይቻላል፤ በፒንሳ ከተሞከረ አብዛኛውን ጊዜ ትሰበራለች። የማውሱ ሶኬት በቅርጽ ያው በመሆኑ መቀያየርም አለ። ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ ነው። ይህ የቀለም ስምምነት የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ያለው ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው፤ አቧራ ከሸፈነው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማየት ነው።

ጠፍጣፋው ዩኤስቢ በ1996 ወጣ፤ በፒሲ ላይ በደንብ የተለመደው ከዊንዶውስ 98 ወዲህ ነው። አሠራሩ ከፒኤስ ቱ በመሠረቱ ይለያል። የፒኤስ ቱ ኪቦርድ ቁልፍ ሲነካ በራሱ ጊዜ ይናገራል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ግን እስኪጠየቅ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሚሊ ሰከንዱ «የተነካ ቁልፍ አለ?» እያለ ሊጠይቀው ይገባል። የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሌለ ኪቦርዱ ምንም ደኅና ቢሆን ድምፁ አይሰማም። ቀጥሎ የማነሣው ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አዳፕተር። ዩኤስቢውን ወደ ክቡ ሶኬት የምትለውጠው ትንሽ ቁራጭ ውስጧ ምንም ቺፕ የለም፤ ሽቦ ከሽቦ ብቻ ታገናኛለች። የምትሠራው ቺፑ ሁለቱንም አሠራር ለሚያውቅ ኪቦርድ ነው፤ አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ዩኤስቢን ብቻ ያውቃሉ። አዲስ ኪቦርድ በአዳፕተር ተሰክቶ ዝም ስላለ ብቻ «ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል» ማለት ስሕተት ነው፤ ሰው ደኅና ኮምፒውተር ይጥልበታል።

«ኤፍ 1 ይጫኑ»

መብራት ሄዶ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኪቦርድ እንደሌለ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክት ይጽፍና ለመቀጠል ኤፍ 1 እንዲጫኑ ይጠይቃል። ኪቦርዱ ተሰክቷል፤ ትናንት ሲጻፍበት ነበር። ቢጫኑት ግን አይሰማም።

ይህ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን ያስተውሉ። ወደ ኋላ ዓመታት ተመልሶ ከተገኘ ምክንያቱን አገኙት። በማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ ሰዓቱ እንዲቆጥር፣ በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ የባዮስ ምርጫዎች እንዳይጠፉ የምታደርገው እሷ ናት። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ ድካሟ አይታወቅም። መብራት ሲቋረጥ ግን ምርጫዎቹ በሙሉ ተጠርገው ፋብሪካ ወደ ሰጣቸው ይመለሳሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ የዩኤስቢ ኪቦርድ ድጋፍ ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘጋ ነው። ባዮስ ዩኤስቢውን አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀ ኪቦርድ አይናገርም።

ሰዎች ለባለሙያ ሲነግሩ «ኪቦርዱ አልሠራ አለ፣ ደግሞም ሰዓቱ ይሳሳታል» ብለው እንደ ሁለት ችግር ያቀርቡታል። አንድ ችግር ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ አሮጌ ኮምፒውተር የያዘ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት ሁሉ ይህን ቢያውቅ ስንት ኪቦርድ ከመጣል በተረፈ ነበር!

አስቸጋሪው ነገር መውጫው መቆለፉ ነው፤ የተዘጋውን ለመክፈት ባዮስ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፣ ለመግባት ደግሞ የሚሠራ ኪቦርድ ያስፈልጋል። መክፈቻው የክቡ ሶኬት ኪቦርድ ነው። የፒኤስ ቱን ኪቦርድ ባዮስ ያለ ምንም ምርጫ ያውቀዋል። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው፣ ብዙ አሮጌ ዴስክቶፕ ያለበት ቢሮም፣ አንድ የሚሠራ የፒኤስ ቱ ኪቦርድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይኑረው፤ ቁልፎቹ ቢደበዝዙም አይጣል።

እሱን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሰክተው ያብሩና ዲሊት ወይም ኤፍ 2፣ በአንዳንዶቹም ኤፍ 10 እየነኩ ባዮስ ውስጥ ይግቡ። ዩኤስቢ የሚል ገጽ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር ተያይዘው የመጡ ዕቃዎች በሚዘረዘሩበት ሥር ነው። እዚያ «ዩኤስቢ ኪቦርድ ሰፖርት» ወይም «ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት» የሚለውን ይክፈቱና አስቀምጠው ይውጡ። ከዚህ በኋላ ባዮሱ ራሱ ዩኤስቢውን እየጠየቀ፣ መልሱን ከክቡ ሶኬት የመጣ አስመስሎ ያቀርባል፤ ስለ ዩኤስቢ ምንም የማያውቁ የድሮ ፕሮግራሞችም በዚህ ይግባባሉ። ባትሪዋ ካልተለወጠች ግን ይህ ሁሉ በሚቀጥለው መብራት መጥፋት ይፈርሳል። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅለው፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አዲስ ባትሪ ይተኩ፤ ምርጫውን የሚያስተካክሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ድጋፉ ተከፍቶም ባዮስ የማያውቀው ኪቦርድ አለ። ዩኤስቢ ሲነደፍ ለባዮስ የሚሆን በጣም ቀላል አነጋገር ተበጅቶ ነበር፤ መልእክቱ 8 ባይት ብቻ ነው፣ የሚሸከመውም እንደ ሺፍትና ኮንትሮል ያሉትን ቁልፎች ከስድስት ሌሎች ጋር ነው። ተራ ኪቦርድ ይህን አነጋገር ያውቃል። ባለ ቀለም መብራትና ባለ ብዙ ተጨማሪ ቁልፍ የሆኑት የጨዋታ ኪቦርዶች ግን በአሮጌ ባዮስ ፊት የሚቸገሩበት ጊዜ አለ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ውድ ኪቦርድ መግዛት አይመከርም። ሲሰኩም ከሣጥኑ ጀርባ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሁን። የፊቱ ቀዳዳ በውስጥ ገመድ የተቀጠለ ነው፣ ገመዱ ላልቶ ወይም ጭራሽ ሳይሰካ ይገኛል። ሰማያዊና ጥቁር ቀዳዳ ካለ ጥቁሩን ይምረጡ፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ነው፣ እንደ ዊንዶውስ 7 ያለ የቆየ ሲስተም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አያውቀውም። ኢንቴል በ2015 ካወጣቸው ቺፕሴቶች ጀምሮ ደግሞ ዊንዶውስ 7ን በሚጭኑበት ሰዓት ኪቦርዱም ማውሱም የቋንቋ ምርጫው ገጽ ላይ የሚሞቱት የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያው ስለቀረ ነው። ክብ ሶኬት ያለው ማዘርቦርድ እዚህም ላይ ያድናል።

ዊንዶውስ ከገባ በኋላ

ባዮስ ውስጥ እንደ ልብ እየሠራ ዊንዶውስ ሲመጣ የሚጠፋ ኪቦርድ ገመድ መቀየር አያድነውም። ማውሱ የሚሠራ ከሆነ ብዙ መንገድ አለ። በዊንዶውስ 7 የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ታችኛው ግራ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ቢነኩ ስክሪን ላይ ኪቦርድ የሚያወጣ ምርጫ ያገኛሉ፤ የይለፍ ቃሉን በማውስ እየነኩ ይጻፉ። እንደ ገቡ ከምንም በፊት ሰነዶችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

ከሁሉ ቀላሉን አስቀድመው ይሞክሩ፦ የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ተጭነው ይቆዩ። በዊንዶውስ ውስጥ «ፊልተር ኪይስ» የሚባል፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ መልካም አገልግሎት አለ፤ አጭር ንክኪን እንዳልተነካ ይቆጥራል። የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚሁ ቁልፍ ነው። ሳያውቅ ክንዱን ያሳረፈ ሰው ከፍቶት፣ ኪቦርዱ ሞተብኝ ይላል።

ይህ ካልሆነ በማውስ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ከፍተው ኪቦርዶች የሚለውን ይመልከቱ። ቢጫ ምልክት ካለበት በቀኝ ነክተው ከዝርዝሩ ያስወግዱትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። የኪቦርድ ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ኢንተርኔት ሳይፈልግ መልሶ ይጭነዋል።

ተመልሶ ቢጫው ከመጣ፣ በተለይም ኮድ 19 ወይም 39 ካለ፣ ነገሩ ጠለቅ ይላል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከኪቦርዱ የሚመጣውን መልእክት መንገድ ላይ ለመቀበል ስማቸውን በዊንዶውስ መዝገብ ላይ፣ «አፐር ፊልተርስ» በሚባል ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ፤ ቁልፍ የሚቀይሩ፣ የይለፍ ቃል እንጠብቃለን የሚሉ፣ ጽሑፍ የሚሰልሉም አሉበት። ፕሮግራሙ በወጉ ሳይነቀል ፋይሉ ብቻ ከጠፋ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራል። ዊንዶውስ ሲነሣ በስሙ ይፈልገዋል፣ ሲያጣው ኪቦርዱን በሙሉ ይከለክላል። ዝርዝሩ የአንድ ኪቦርድ ሳይሆን የሁሉም ስለሆነ ክቡም ጠፍጣፋውም እኩል ይሞታሉ። ምልክቱም ይኸው ነው፦ ኪቦርድ ቢቀያየር አንዱም አይሠራም፣ ባዮስ ላይ ግን ሁሉም ይሠራሉ። ፎርማት የሚደረገው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ የማያስፈልግ ጭካኔ ነው። «ሲስተም ሪስቶር»ን በማውስ ከፍቶ ችግሩ ከመጣበት ቀን በፊት ወዳለ ነጥብ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ፣ መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ ኬቢዲክላስ የሚለውን የዊንዶውስ የራሱን ስም ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይሰርዝ።

ስለ ራሱ ስለ ኪቦርዱ ብልሽት ብዙ የሚባል የለም። ሲበራ ተከታታይ ጢጥ ጢጥ የሚል ወይም 301 የሚል ቁጥር የሚጽፍ ኮምፒውተር ተጭኖ የቀረ ቁልፍ አለበት፤ ገልብጦ ማራገፍ ይቀድማል። ስኳር ያለው ሻይ ከፈሰሰበት ግን ከውስጥ ያሉት ሦስት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች ተጣብቀዋል። ተፈትቶ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ የሚነሣ አለ፤ ጊዜው ካለ መሞከር ጥሩ ነው።

የማይመለሰው ክቡ ሶኬት ሲቃጠል ነው። ያኔም ዩኤስቢው ደኅና ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀጥላል። ዩኤስቢውም ከሞተ በማዘርቦርዱ ላይ የዩኤስቢ ካርድ መጨመር ይቻላል፤ ካርዱን ዊንዶውስ ያውቀዋል፣ ባዮስ ግን ብዙውን ጊዜ አያውቀውም። ወደዚህ እያመራ ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ሶኬቱ ፈጽሞ ከመሞቱ በፊት ባዮስ ገብተው «ሆልት ኦን» ከሚለው ምርጫ ውስጥ ከኪቦርድ በስተቀር ለሁሉም ስሕተት ቁም የሚለውን ይምረጡ፤ ባትሪዋንም አብረው ይለውጡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤፍ 1 እየጠበቀ አይቆምም፤ በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል፣ ኪቦርዱም እዚያ ይታወቃል።